ያውም ሙቅ!

በእኛ ቤተሰብ ስልክ ሲደወል ሥርዓት አለው። «እንዴት ናችሁ?» ትላላችሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነን» ይባላል። «ልጆቹስ?» «ይመስገን።» «ከብቱስ? አዝመራውስ?» «ምን ይሆናል፣ ተመስገን ነው።» ዝናቡ ተጠይቆ፣ ጎረቤቱ በየተራ ተጠይቆ፣ የስልኩ ሒሳብ ሊያልቅ ሲል ነው እንግዲህ «አባትህ ግን ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል፤ ሆስፒታል ነው ያሉት» የሚለው የሚመጣው። እሱንም ቢሆን «ተመስገን፣ አንደኛው እግራቸው ደህና ነው» ብለው ያሳርጉታል።

ይሄ ነገር ያበሽቀኛል። ሰው እግሩ ከተሰበረ ከእግሩ ቢጀምር ምን አለበት?

ሐኪም ወዳጅ አለኝ። ከሕክምና ሁሉ የከበደው ታማሚን «አሞኛል» ማሰኘት ነው ይላል። «እንዴት ነዎት አባባ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «ታዲያ ምን እግር ጣለዎት?» «ኧረ ምንም! ሽንት እምቢ ካለኝ ሦስት ቀን ሆነኝ እንጂ እኔስ ደህና ነኝ።»

በዚህ ጉዳይ ሃይማኖት አይለየንም። አንዱ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ አንዱ «ክብሩ ይስፋ»፣ ሌላው «ጌታ ይባረክ»። ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሲጨቃጨቅ ያረፈደው ወያላ እንኳ «ሥራ እንዴት ነው?» ካላችሁት «አሪፍ ነው፣ ተመስገን» ይላችኋል። ምስጋናው የኬላ ቀረጥ ነው፤ እሱን ሳትከፍል ወደ ችግርህ አታልፍም።

ትልልቆቹን ብትጠይቋቸው የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፦ ከመሞት መሰንበት። የ1977ቱን ክፉ ቀን ያየ ሰው «ደህና ነኝ» ሲል የሚለካው በእኔና በእናንተ ሜትር አይደለም። ስለዚህ አልከራከራቸውም። ብቻ ያ ከአፍ የሚወጣው «ተመስገን» ከልብ ይሁን ከልማድ ለማወቅ ይቸግረኛል። ባለቤቱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

የማያጠራጥር ምስጋና የምሰማው ሌላ ቦታ ነው። ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ግድም።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ያቺን ድምፅ ያውቃታል። መጀመሪያ ቧንቧው ያስላል። ከዚያ አየር ይተፋል፤ ፍስስስ ይልና ዝም፣ እንደገና ፍስስስ ይልና ዝም። ተስፋ ቆርጣችሁ ልትዞሩ ስትሉ ዝገት የቀላቀለ ቀይ ውሃ ሁለት ሦስቴ ተፍ ተፍ ይላል። ቀጥሎ ይቀጥናል፣ ይነጣል፣ ይወርዳል። ይሄኔ ከታችኛው ቤት አንድ ሰው «መጣ!» ይላል። የሚለው አንድ ቃል ነው፤ ግን እንደዚያ ተደርጎ የሚባል ሌላ ቃል በቀን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ግቢው በአንዴ ይነቃል። ጋቢ የተከናነበው፣ ሽርጥ ያገለደመው፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለችው ሁሉ ይወጣል። ጀሪካን ከጀሪካን ይጋጫል። ሳፋው፣ ባልዲው፣ የዘይቱ ጀሪካን፣ የሕፃኑ መታጠቢያ፣ ባለፈው ፋሲካ የተገዛው ትልቁ ድስት ሳይቀር ይሰለፋል። ቀን በአጥር ነገር ዓይን ለዓይን የማይተያዩት ሁለት ጎረቤታሞች ሌሊት ጎማ ይዋዋሳሉ። ሲነጋ እንደገና ይኳረፋሉ፤ ጎማው ግን እስከሚቀጥለው ፈረቃ አይመለስም፣ ለዕርቅ በር ይከፍት ይሆናል ብለን እኛም አንናገርም።

በዚያ ሰዓት «ተመስገን» የሚል ሰው የለም። ይስቃሉ። ምንም የሚያስቅ ነገር ሳይኖር፣ በእንቅልፍ ፊታቸው፣ ባልዲ ሲሞላ እያዩ ይስቃሉ።

የዚህ ደስታ ዕድሜው ግን አጭር ነው። በርሜሉ ግማሽ ሳይደርስ «ግፊቱ ምነው ቀነሰ?» የሚል ይነሳል። ሌላው «የላይኞቹ ሮቶ እየሞሉ ነው» ይላል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያ ሁሉ ሳቅ ወደ ሐሜት ይለወጣል፣ ጭራሽ ውሃው እየወረደ!

ስለ ቧንቧ መገረም ካነሳን ታሪክ አለን። በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ገና ከድንኳን ወደ ቤት በምትሸጋገርበት ዘመን፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ ስቦ ወደ ዐፄ ምኒልክ ግቢ አስገባ። ቤተ መንግሥቱ ያለው ጉብታ ላይ ነው። ውሃው መጀመሪያ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ከዚያ ጉብታውን ሽቅብ ይወጣል። ነገሩ አስማት የለበትም፤ ምንጩ ከግቢው ከፍ ስለሚል ውሃው በራሱ ክብደት ተገፍቶ ነው የሚወጣው። ግን ይህን ለሕዝቡ ማን ያስረዳው? ከተፈጠረ ጀምሮ ቁልቁል ሲወርድ የሚያውቀው ውሃ ዳገት ሲወጣ አየ። ጉድ ተባለ። ንጉሡን በፈረስ ስማቸው በዳኘው እየጠራ ይህንኑ የሚያደንቅ ግጥም እስከ መገጠም ተደረሰ።

ስለ ቧንቧ ግጥም! ዛሬ ማን ይገጥማል?

ለነገሩ ሌላው ዓለም በቧንቧ መገረሙን በአንድ ትውልድ ጨርሶ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። እኛ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላም ሌሊት ተነሥተን እንገረማለን። እንዲህ ዓይነት ቅርስ ጠብቆ ማቆየት ቀላል አይደለም።

ወደ አጎቴ ልምጣ። አጎቴ እዚሁ ግቢያችን ነው የሚኖሩት። የዛሬ ጥቂት ዓመት ልጃቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዱ። የመጀመሪያው ሌሊት ያው እንደምታውቁት ቀኑና ሌሊቱ ይገለባበጣል፤ እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ተነሥተው መታጠቢያ ቤት ገቡና ቧንቧውን ከፈቱት። ወረደ። ያውም ሳያስል፣ አየር ሳይተፋ፣ ወዲያው። አጎቴ በዚህ ሰዓት የወረደ ውሃ ዝም ብሎ የሚታለፍ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ገንዳውን ጢም አድርገው ሞሉት። ቀጥለው ወደ ማድ ቤት ወርደው ድስቱን ሞሉ። ብርጭቆውን ደረደሩ። የልጅ ልጃቸው አሸዋ የሚጫወትበት ትንሽ ቢጫ ባልዲም አልቀረች።

ጠዋት ልጃቸው ለሥራ ልትታጠብ ስትገባ ጮኸች።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው? እዚህ አገር እኮ ውሃ አይጠፋም።»

«እሱን ማን ዋስ ጠርቶ ነገረሽ?»

ወሬው በዚያ ሰፈር ሐበሻ ዘንድ ለመዳረስ እስከ ከሰዓት በኋላ አልቆየም አሉ።

ሲመለሱ እንኳን ደህና መጡ ልንል ቤታቸው ተሰበሰብን። ቡናው እየተቆላ፣ ሁላችንም አሜሪካን ለመስማት ጆሯችንን አቁመን። አንዱ ስለ ኋይት ሀውስ ጠየቀ። አንዱ ስለ ፎቁ። አንዱ ስለ ደመወዝ። አጎቴ ሁሉንም በእጃቸው ገፉትና፣ «ተዉት እሱን። ውሃውን ነው ማየት! በፈለግህ ሰዓት ትከፍተዋለህ፣ ይወርዳል። ሌሊትም ይወርዳል። ክረምት ከበጋ ይወርዳል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምሥጢር እንደሚያወጣ ሰው ግራና ቀኝ አይተው፣ «ያውም ሙቅ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህች ንግግር የግቢያችን ሀብት ሆናለች። ታክሲ ያለ ሰልፍ ያገኘ ሰው ሲያወራ «መስኮት ዳር ወንበር ነበረው?» ይባላል፤ ከነበረው «ያውም ሙቅ!» የአንዱ ልጅ ማትሪክ አለፈ ሲባል፣ የፈለገው ትምህርት ደርሶታል ከተባለ «ያውም ሙቅ!» የግቢያችን ሰው የደስታው መጠን ሲበዛበት ሌላ ቃል መፈለግ ትቷል።

አጎቴ ግን አንድ ነገር ከንክኗቸው ነበር የመጡት። ያቺ ልጃቸው ሕፃን ሳለች ከትምህርት ቤት መልስ ጀሪካን ይዛ ሰልፍ የምትውል ነበረች። አሁን ሻወር ስር እጇን ዘርግታ ትቆማለች፤ ሙቁ ውሃ እስኪመጣ ጥቂት ከዘገየ በእንግሊዝኛ ትሳደባለች። «እኔ አጠገቧ ቆሜ አምላኬን አመሰግናለሁ፣ እሷ ትራገማለች። ለአንድ ውሃ!» በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እውነት ነው አሉ፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። የራስን ልጅ ምስጋና ቢስነት የሚያማ አባት ፊት ራስ አለመነቅነቅ ነውር ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አጎቴ ጻድቅ ይሆኑ ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ስልክ ደውላ የቀረውን ለባለቤቴ ነገረቻት። አጎቴ በሦስተኛው ወር ላይ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «ምነው አባዬ?» «ኧረ ምንም፣ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ውሃው ዛሬ ሙቀቱ ወረድ ብሏል እንጂ።»

እንግዲህ ሰው እንዲህ ነው። ሦስት ወር በቂ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የለ? ምቾትም እንዲሁ ነው።

ቅጣታቸውን ያገኙት እዚህ ነው። ከተመለሱ በኋላ አንድ ቀን፣ የአሜሪካውን ልማድ ይዘው፣ ባልዲ አጠገባቸው ሳያስቀምጡ ሻወር ገቡ። ራሳቸውን በሳሙና ሞልተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ ቀጥ አለ። እጃቸውን በበሩ ክፍተት አውጥተው «ኧረ ጣሳ! የሰው ያለህ፣ ጣሳ!» ሲሉ ግቢው ሰማ። ጣሳ ተገኘ፣ ውሃም ከእማማ በርሜል ተቀዳ። የበርሜል ውሃ በዚያ በሐምሌ ብርድ ምን እንደሚመስል መቼም ይታወቃል። ጣሳውን ያቀበላቸው ጎረምሳ በሩን ሳይዘጋ ምን እንዳላቸው አልነግራችሁም፤ ገምታችኋል።

የእማማን በርሜል ካነሳሁ ስለ እማማ ልንገራችሁ። ከግቢያችን ሰው ሁሉ በዚህ ነገር የማልደርስባቸው እሳቸው ናቸው። ውሃው ሲመጣ አይጮሁም፣ አይስቁም። የሚሰለፉትም መጨረሻ ነው። ተራቸው ሲደርስ ጀሪካናቸውን ወዲያው አይደቅኑም። መጀመሪያ መዳፋቸውን ከቧንቧው ስር ያደርጋሉ። ውሃው በጣቶቻቸው መሐል ሲያልፍ ትንሽ ያዩታል። ከዚያ ፊታቸውን እርጥብ ያደርጋሉ፣ ያማትባሉ፣ ጀሪካኑን ይደቅናሉ። ይህ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሰው «እማማ ቶሎ በሉ እንጂ!» ለማለት የሚበቃ ነው፤ የሚልም አይጠፋም።

የሚገርመው ይሄ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት መስመር ተቀየረ ተብሎ ውሃ ለወራት ሳይቋረጥ የወረደበት ጊዜ ነበር። ሁላችንም በሳምንቱ ረሳነው። ቧንቧ ከፍተን ጥርሳችንን እየፋቅን ስለ ኳስ ማውራት ጀመርን። እማማ ያኔም መዳፋቸውን ያስቀድሙ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰልፍ በሌለበት፣ ማንም በማያይበት። እኔ በመስኮት አየኋቸው። ለምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኋቸው።

«ከምንጭ ነው የመጣሁት ልጄ» አሉኝ። ሲያድጉ እንስራ ተሸክመው ገደል ወርደው ይቀዱ ነበር። ገመዱ በደረታቸው ላይ ያልፍ ነበር። ሙሽራ ሆነው በገቡ በሰሞኑ ዳገቱ ላይ ዝናብ አዳልጧቸው እንስራው ተሰበረ፤ የባላቸው እናት ስንት ወር እንደተቀየሟቸው ዛሬም ያስታውሳሉ። «አልረሳሁትም። እኔ ብረሳው ጀርባዬ አይረሳውም።»

ይህን ስሰማ ደስ ያለኝን ያህል ደስ የማይል ነገርም መጣብኝ። ስለ ውሃ በረከት እንዲህ እያጣጣሙ መጻፍ የሚቀናው ለማይሸከም ሰው ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። የተሸከመችው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከሆነች፣ ዳገቱም ከበዛ፣ «ስለ ውሃ ያለሽ መገረም እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቋትም። ቢመጣላት በደስታ ትረሳዋለች፤ ይርሳትም። የሲልቨር ስፕሪንጓ ልጅ ሻወር ስር ቆማ መራገሟን አሁን አሁን መብቷ ነው እላለሁ። እሱን ለማግኘት አይደል ጀሪካን ተሸክማ የተማረችው? ለአጎቴ ግን ይህን አልነገርኳቸውም።

ቧንቧው ያስቀረብን አንድ ነገር ግን አለ። ድሮ እንግዳ ሲመጣ እጅ የሚያስታጥብ ልጅ በየቤቱ ነበር። በቀኝ እጁ ማንቆርቆሪያ፣ በግራው ሳፋ፣ ፎጣው ትከሻው ላይ። ከትልቁ ሰው ይጀምራል። ቀጠን አድርጎ ካፈሰሰ «እደግ!» ይባላል። አብዝቶ እጅጌ ካረጠበም «እደግ» ይባላል፣ ትንሽ ቆጣ ተብሎ። እንግዳ በበዛ ቁጥር ምርቃቱም ይበዛል፤ በዓመት በዓል ቀን ልጁ የሰፈሩን ሁሉ ምርቃት ጠቅልሎ ይተኛል። ዛሬ እንግዳው «መታጠቢያው የት ነው?» ይላል፣ ይሄዳል፣ ይታጠባል፣ እጁን እያራገፈ ይመለሳል። ለቧንቧ «እደግ» የሚል የለም። የእኛ ዘመን ልጆች የረዘምነው በዚያ ምርቃት ነው ባይ ነኝ። ሐኪሙ ወዳጄ በወተት ነው ይላል። ወተት የጠጣነው ስንቶቻችን እንደሆንን ግን ጠይቆ አያውቅም።

ውሃን ጠጋ ብሎ ላየው የሚያስገርም ነገር ሞልቷል። እኛ አዲስ አበባዎች ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ስለምንኖር ውሃችን 100 ዲግሪ አይደርስም፤ 92 ግድም ላይ ይፈላል። ባቄላው እሳት ላይ ውሎ አልበስል የሚለው በዚህ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ንፍሮው ሲዘገይ ባለቤቴ ላይ ፊት ማጥቆር ትቻለሁ። እሷ ግን ድሮም ታውቀው እንደነበር፣ እሱን ለማወቅም ዲግሪ እንደማያስፈልግ ነግራኛለች። የትኛውን ዲግሪ ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ባለፈው ሳምንት ማታ፣ ውሃ ከሄደ ሰንብቶ፣ በርሜሎቹ ሆዳቸው ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጡበት ሰዓት ላይ፣ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን ነበር። የታችኛው ቤት ሕፃን ቧንቧውን ከፍቶ በአንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ ሲያይ ቆየና ዞር ብሎ ጠየቀ።

«ውሃው ሲሄድ የት ነው የሚያድረው?»

አጎቴ «ለገዳዲ ግድብ» አሉ ወዲያው፤ ለሁሉም ጥያቄ መልስ አያጡም። ኢንጂነሪንግ የሚማረው ጎረምሳ መስመር በመስመር፣ ቫልቭ በቫልቭ ሊያስረዳ ተነሣ፤ ሕፃኑ ከግፊቱ ሳይደርስ ጠፋበት። ዘበኛው «ባለ ፎቆቹ ሰፈር ነው የሚያድረው፣ እኔ አውቃለሁ፣ እዚያ ሠርቻለሁ» አለ። ክርክሩ ጦፈ። የላይኞቹ ሮቶ ተነሣ፣ የጎማው ነገር ተነሣ፣ አጥሩም ሊነሳ ምንም አልቀረው።

እማማ እስከዚያ ድረስ ሽንብራቸውን እየለቀሙ ዝም ብለው ነበር።

«ምን አስጨነቃችሁ? የትም ይደር» አሉ። «ብቻ በሰላም ይግባ። አንተ፣ የበርሜሉን ክዳን አንሣለት።»